የሚነክሰው ሳሙና

ዝናቡ ሲበረታ መድኃኒት ቤቱ በረንዳ ሥር ገባሁ። ከእኔ ቀድማ የተጠለለች አንዲት ሴት ነበረች። ሰውነቷ በረንዳው ሥር ነው፤ ሁለት እጆቿን ግን ወደ ውጭ ዘርግታ፣ መዳፎቿን ወደ ላይ ገልብጣ ዝናብ ታስመታቸዋለች። የራሷ እጆች አይመስሉም ነበር። ሰው አደራ ሰጥቷት የያዘቻቸው ይመስሉ ነበር።

ጠጋ ስል አወቅኋት። የመንገዳችን መታጠፊያ ላይ ያለችው ልብስ ሰፊ ናት፤ ለምረቃዬ የለበስኩትን ቀሚስ የሰፋችልኝ፣ ሰው ስትለካ ቀልድ የማያልቅባት።

«ምነው፣ ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«ሳሙና ነከሰኝ።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

«የምን ሳሙና?»

«የእማማ ሳሙና ነዋ። ሌላ የሚናከስ ሳሙና ታውቂያለሽ?»

እማማ ሳሙና የሚባሉት ከመንገዳችን መጨረሻ፣ በቆርቆሮ አጥር ውስጥ፣ ሞራ አቅልጠው ኮስቲክ በሚሉት የሚያቃጥል ኬሚካል እያፈሉ የልብስና የገላ ሳሙና የሚሠሩ አሮጊት ናቸው። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያስታውስ ሰው ያለ አይመስለኝም። ልብስ ሰፊዋ የሁለተኛ ልጃቸው እጮኛ ናት። በዚያ ቤት ደግሞ እማማ ከአማታቸው የወረሱት አንድ ልማድ አለ፤ ወደ ቤተሰቡ የምትገባ ሴት፣ ገና ከሚረጋበት ሣጥን በወጣ ሳሙና እጇን ትታጠባለች። ሳሙናው ዝም ካለ ንጹሕ ናት። ከነከሳት የደበቀችው ነገር አለ። ልማዱ ከቤቱ አልፎ ወደ ሰፈሩም ወጥቷል፤ ዕቃ የጠፋበት ሰው የጠረጠረውን ይዞ ወደ እማማ ግቢ ይሄዳል። ልጆች ሳለን በዚያ አጥር ስናልፍ እጃችንን ኪሳችን ውስጥ እንከት ነበር።

«ትናንት ጠሩኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ዓይኗን ከእጆቿ ሳታነሣ። «ውሃ በሳህን አቀረቡልኝ። ‹ታጠቢ፤ እስክነግርሽ ድረስ እንዳትለቃለቂ› አሉኝ። መጀመሪያ ምንም የለም። ትንሽ ቆይቶ ጉንዳን የወረረኝ መሰለኝ። ከዚያ እሳት ሆነ። ጮህኩ። እሳቸው እኮ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እያዘኑ አዩኝና ‹ልጄ፣ የደበቅሽው ነገር አለ› አሉኝ።»

«አለሽ እንዴ?»

«የሌለው ማን አለ? ልጅ ሆኜ የእናቴን ሽቶ ሰርቄ ተቀብቼ፣ ድመቷ ናት የደፋችው ብያለሁ። እሱ ይሆን?» ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ አልሆነላትም። «አስፈሪው ምን መሰለሽ? ከትናንት ጀምሮ እኔም ራሴን እየጠረጠርኩ ነው። ‹ምን ይሆን የደበቅሁት?› እያልኩ ሳስብ ነው የዋልኩት። የማላውቀው ነገር ውስጤ ተቀምጦ፣ ሳሙናው ያወቀብኝ እየመሰለኝ።»

«እጮኛሽስ ምን አለ?»

«እሱማ እናቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ጫማውን አየ። እሑድ ቤተሰቦቼ የሠርጉን ቀን ለመቁረጥ ሊመጡ ነው። እማማ ግን ‹ቀርቷል ብዬ መልእክት እልካለሁ› ብለዋል።»

እጆቿን ጠጋ ብዬ አየሁ። መዳፏ እምብዛም አልተጎዳም ነበር። የቀላው የጣቶቿ ጫፍ ነው፤ በተለይ የግራ እጇ አውራ ጣትና ሌባ ጣት፣ መርፌ ከጨርቁ ሥር ወጥቶ የሚወጋበት ቦታ። እያንዳንዱ የመርፌ ቀዳዳ ቀይ ነጥብ ሆኗል። ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። የተማርኩት የሥነ ሕይወት ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው እጅ ላይ ተጽፎ ያየሁት በዚያ በረንዳ ሥር ነው።

ማወቅ ግን አንድ ነገር ነው፤ ሄዶ መናገር ሌላ ነው። እኔ በሰው ፊት ስናገር ድምፄ ጉሮሮዬ ላይ የሚቀር ሰው ነኝ። ቅባት እንድትገዛ መክሬያት ዝናቡ ጋብ ሲል ወጣሁ። ወደ ቤቴ ለመታጠፍ ሁለት ጊዜ አሰብኩ። እግሬ ግን ወደ ቆርቆሮው አጥር ወሰደኝ።

የሳሙና ማፍያው ቤት በር ዝቅ ያለ ነው፤ አንገት ደፍተው ነው የሚገቡት። አንዲት መስኮት አለችው፤ እሷም በእንፋሎት ታውራለች። በሦስቱም ግድግዳ ላይ ባለው መደርደሪያ የተቆረጡ ሳሙናዎች ቆመው ተደርድረዋል፤ ነጫጭ፣ እኩል በእኩል፣ ጥርስ የመሰሉ። ትልቅ አፍ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። መጀመሪያ የተቀበለኝ የሞራና የእርጥብ ግድግዳ ሽታ ነው፤ ከእሱ ሥር ግን ሌላ ሽታ ነበር። ትምባሆ፣ ሱፍ፣ የወንድ ላብ። አንድ ሰው አጠገቤ የቆመ መሰለኝና ዞር አልኩ። ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ወፍራም ካፖርት ተሰቅሏል፤ ሰው የለም።

«ሸተተሽ አይደል?» አለ ከጨለማው ውስጥ የመጣ ድምፅ። እማማ ሳሙና ማፍያው በርሜል አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ምኑ እማማ?»

«እሱ ነዋ፣ ባለቤቴ። በር ስከፍት ይቀበለኛል። ትንሽ ቆይቶ ይሄዳል። ከሞተ ጀምሮ አንድ ቀን ቀርቶብኝ አያውቅም።» ይህን ያሉት፣ ሰው ስለ ጎረቤቱ በሚያወራበት ድምፅ ነው። «አንቺ ዝምተኛዋ ልጅ ነሽ አይደል? ግቢ፣ ተቀመጪ። ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ድምፅሽን እዚያው ረስተሽው መጣሽ እየተባለ ነው።»

ተቀመጥኩ። እውነትም ጥቂት ቆይቶ ሽታው ጠፋ። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ሆኖም ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ።

«ስለ ልብስ ሰፊዋ ነው የመጣሁት» አልኩ።

«ላከችሽ?»

«አልላከችኝም።»

«እንግዲያው በገዛ እግርሽ የሰው ነገር ውስጥ ገባሽ! ጎሽ፣ ተሻሽለሻል።» ሳቁ። ቀጥሎ ሳቁ ከፊታቸው ላይ ሄደ። «ልጅቷን እወዳታለሁ። ሙያ አላት፣ ሳቋ ቤት ይሞላል። ግን ሳሙናው ነከሳት። እኔ ምን ላድርግ? እኔ አልፈረድኩባት።»

«ሳሙናው በስሎ ነበር?»

«አልበሰለም ልትዪኝ ነው? ነዪ፣ እዪ።» ከመደርደሪያው፣ ልብስ ሰፊዋ ከታጠበችበት ሣጥን የተቆረጠ አንድ ሳሙና አነሡ፣ በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉና ምላሳቸው ጫፍ ላይ አኖሩት። ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ። «ያልበሰለ ሳሙና ምላስ ይነክሳል። የበሰለ ዝም ይላል። አማቴ ናት ያስተማረችኝ። ይኸው ዝም ብሏል። እኔን ዝም ያለ ሳሙና እሷን ለምን ነከሳት? ከመለስሽልኝ በቃ፣ እሑድ ድግሱን አንቺ ትመሪዋለሽ።»

ይህ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። የተማርን ሰዎች ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ልማድ የያዘ ሰው ያላሰበ ይመስለናል። እማማ አስበዋል። አንድ ነገር ብቻ አልመረመሩም፤ የሚመዝኑበትን ሚዛን።

«እማማ፣ ምናልባት ዝም ያለው ሳሙናው አይሆንም» አልኩ። «ምናልባት ዝም ያለው ምላስዎ ነው።»

«የእኔ ምላስ? ሰፈሩን ጠይቂ፤ ምላሴ ዝም ብሎ አያውቅም!»

እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ረዳኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ከረሜላ ነበረኝ፤ አንዱን አውጥቼ መጠቅለያውን ሳላሳያቸው ገፈፍኩት።

«አፍንጫዎን ይያዙና፣ ዓይንዎን ጨፍነው ይህን ይቅመሱ።»

«መድኃኒት እንዳይሆን ብቻ።» አፍንጫቸውን በሁለት ጣት ቆንጥጠው ጎረሱት።

«ምንድን ነው?»

«ጣፋጭ ነው።»

«የምን ጣፋጭ?»

«ስኳር ነዋ! ሌላ ምን ይሆናል?»

«አሁን አፍንጫዎን ይልቀቁት።»

ለቀቁት። ፊታቸው ላይ ብርሃን ወጣ። «ውይ! ብርቱካን!» ሁለት ጊዜ መልሰው ያዙት፣ ለቀቁት፤ ልክ መብራት እንደሚያጠፋና እንደሚያበራ ልጅ። «የት ሄዶ ነበር?»

«የትም አልሄደም። ምላስ በራሱ የሚለየው ጥቂት ነገር ነው። ጣፋጭ፣ ጨው፣ ኮምጣጣ፣ መራራ፣ ደግሞ ያ የሥጋ መረቅ ጥፍጥና። ብርቱካን ይሁን ሙዝ የሚለየው አፍንጫ ነው። ከምናኝከው ነገር በዓይን የማይታይ ብናኝ ከጉሮሮ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ከአፍንጫ ጣሪያ ላይ ያለች ትንሽ ቦታ ይነካል። እሷ ለአንጎል ትናገራለች። እኛ ግን ሁሉንም ምላስ ቀመሰው እንላለን።»

«ታዲያ ምላሴ ሠራሁት የሚለውን ሥራ አፍንጫዬ ሲሠራልኝ ኖሯል ማለትሽ ነው?»

«ለምግብ አዎ። ለሳሙናው ግን ሁለቱም አይደሉም። ሳሙና ሲነክስ ጣዕም አይደለም እማማ፤ ሕመም ነው። በርበሬ ዓይን ሲገባ ዓይን አይቀምሰውም፣ ያመዋል እንጂ። ምላስ ላይም ከቀማሾቹ ሌላ ሕመምን የሚያደርሱ ቀጫጭን ጅማቶች አሉ። የምላስ ቀማሾች በየጊዜው ይሞታሉ፣ አዲስ ይተካል፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን መተካቱ ይቀንሳል። የእርስዎ ምላስ ደግሞ በዚያ ላይ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ሲቃጠል ነው የኖረው። ሲቃጠል የኖረ ጅማት መናገር ይደክመዋል። ምላስዎ አልዋሸዎትም። ደንቁሯል።»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ እንደገና ጀመረ።

«እንግዲያው አፍንጫ እንዲህ ከሆነ» አሉ ቀስ ብለው፣ ዓይናቸው ከበሩ ጀርባ ወዳለው ካፖርት እየሄደ፣ «የእሱ ሽታ ለምን ይሄዳል? እንግዳ አይደለም፤ ቤቱ ነው።»

«አይሄድም እማማ። አፍንጫ አዲስ ነገር ሲያገኝ ይጮኻል፤ ያው ነገር ሲቆይበት መንገሩን ይተዋል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል አይደል የሚባለው? አፍንጫም እንዲሁ ነው። ወጥተው ንጹሕ አየር ቢተነፍሱና ቢመለሱ እንደገና ይሸትዎታል።»

«የምሄደው እኔ ነኝ ማለት ነው?»

«አፍንጫዎ ነው።»

«ቀኑን ሙሉ እዚሁ ነው?»

«ሽታው፣ አዎ።»

እኔ ሽታው አልኩ፤ እሳቸው የሰሙት ሌላ ነው። ካፖርቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ላርማቸው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። እውነት ሁሉ በአንድ ቀን አይነገርም።

ከዚያ በድንገት ተነሡና ሁለት እጃቸውን ፊቴ ላይ ዘረጉ።

«ምላሴን እንተወው። እነዚህንስ? በዚሁ ሳሙና በየቀኑ እታጠባለሁ። ነክሶኝ አያውቅም። እኔ ከእሷ የተሻለ ንጹሕ ሆኜ ነው? እኔም እኮ ሰው ነኝ!»

እጆቻቸውን ያዝኳቸው። ሞቃት ናቸው፤ ግን ወንዝ ያለሰለሰው ድንጋይ የያዝኩ መሰለኝ። ጣቶቹ ጫፍ ላይ መስመር የለም። አንድም።

«መታወቂያ ላወጣ ሄጄ» አሉ እያየሁ መሆኔን አይተው፣ «ጣቴን ማሽኑ ላይ አኖርኩ። ልጁ ደጋግሞ አስነካኝና ‹እናቴ፣ አሻራ የለዎትም› አለኝ። ‹የት ጣሉት?› አለኝ። ሳሙናዬ ነው ያጠበው አልኩት። ስሜን ሳይቀር አጥቦታል።» ሊስቁ ፈልገው ነበር።

«ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ። ጣትዎን ስነካ ‹ነካሽኝ› ይበሉኝ።»

ጨፈኑ። ከፀጉሬ መያዣውን አውጥቼ በጫፉ የሌባ ጣታቸውን ጫፍ ነካሁ። ዝም አሉ። ጫን አደረግሁ። ዝም አሉ። ወደ መሐል ጣት አለፍኩ፣ ቀጥሎ ወደ አውራ ጣት። የጣሪያው ውሃ ውጭ ያለው ጀሪካን ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። ፊታቸው ታጋሽ ነው፤ ፎቶ ሊነሣ እንደተዘጋጀ ሰው።

«ጀምሪ እንጂ» አሉኝ። «ምን ትጠብቂያለሽ?»

ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ያን ጊዜ የተሰማኝ ፍርሃት እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ የሚያስፈራ ነገር እኮ አልነበረም። አንዲት አሮጊት ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የተነኩ እጆቻቸውን እስክነካላቸው ይጠብቁኛል።

«ዓይንዎን ይክፈቱ» አልኩ።

የፀጉር መያዣው ጫፍ አውራ ጣታቸው ውስጥ ተተክሎ ጎድጓዳ ሠርቶ ነበር። አዩት። ጣቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ይመስል እጃቸውን አንቀሳቀሱ።

«ቆዳ ከላይ ያለው ልብስ ነው» አልኳቸው። «ከሥሩ እንደ ክር የቀጠኑ ጅማቶች ናቸው የሚነኩን ነገር ለአንጎል የሚያደርሱት። ግፊትን የሚያውቅ አለ፣ ሙቀትን የሚያውቅ አለ፣ ብርድን፣ ሕመምን። ጣት ጫፍ ላይ እንደ ገበያ ሰው ተጨናንቀው ነው ያሉት፤ ጀርባ ላይ ግን አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ። የእርስዎ ጣት ቆዳ ኮስቲክ ሲበላው፣ ሲደድር ኖሮ፣ ከሥሩ ያሉትም ደክመዋል። የልብስ ሰፊዋ ጣት ደግሞ በመርፌ የተበሳሳ ነው። በእያንዳንዷ ቀዳዳ ኮስቲኩ ገብቶ ጅማቱን በቀጥታ አገኘው። ሳሙናው ያገኘው የደበቀችውን ነገር አይደለም። መርፌ የወጋትን ቦታ ነው።»

«አማቴ እኔን ስታስታጥበኝ ግን አልነከሰኝም። ያኔ ገና ልጅ ነበርኩ፤ እጄ አልደደረም።»

«ከዚያ በፊት ምን ይሠሩ ነበር?»

መዳፎቻቸውን ገልብጠው አዩ። «ጡብ እሸከም ነበር» አሉ።

ከዚያ፣ መጠየቅ አልነበረብኝ ይሆናል፣ ጠየቅሁ። «እስካሁን የነከሳቸው እነማን ናቸው?»

«የአራስ ልጅ ጨርቅ ስታጥብ የምትውል አንዲት ጎረቤት። ዓሣ የምትበልት አንዲት። አንድ ልጅ፤ ክንዱ ላይ እከክ የነበረበት...» ራሳቸው የሚሉትን እየሰሙ ድምፃቸው ቀነሰ። «ደግሞ የመጀመሪያዋ።»

«የመጀመሪያዋ ማን ናት?»

«የበኩር ልጄ እጮኛ። ሆቴል ዕቃ ታጥብ ነበር።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «እሷ አልጮኸችም። እንደ ልብስ ሰፊዋ አልጮኸችም። ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። እንባዋ ሲወርድ ነው ያወቅሁት። እጆቿን ወደ ኋላ ደብቃ ወጣች። ልጄም ተከትሏት ወጣ። ከዚያ ወዲያ አልመጣም። ስልክ ቁጥሩን ወንድሙ ያውቀዋል፤ እኔ ጠይቄ አላውቅም።»

«ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ የሚውል እጅ ይሰነጣጠቃል...» ብዬ ጀመርኩ።

«ዝም በይ!»

ከዚህ ቀደም ሲቆጡ አላየሁም። ተነሥተው በርሜሉን ዞሩት፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ።

«አንቺ ልጅ» አሉ ሳይዞሩ፣ «የምትዪውን ታውቂዋለሽ? ሳሙናው ከተሳሳተ፣ በኩሬን ያጣሁት በከንቱ ነው። እውነት ከሆነ ግን አጥቼውም ቢሆን ምክንያት አለኝ። ምክንያቴን ልትወስጂብኝ ነው የመጣሽው?»

ሰው ለአሮጌ ልማድ ሲሟገት እኛ ለልማዱ የሚሟገት ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን የሚሟገተው በልማዱ ስም ለሠራው ነገር ነው። ልማዱ ከፈረሰ የሠራው ነገር ራቁቱን ይቀራል። ስለዚህ ሰውን ልማድ ለማስተው ትክክል መሆን ብቻ አይበቃም፤ ከዚያ በኋላ የሚቆምበት ቦታ ማሳየት ያስፈልጋል። ይህን ያኔ አላወቅሁትም። ዝም ብዬ ተቀመጥኩ፤ እሱን ብቻ ነው የምችልበት።

እማማ ዞሩ። ያንኑ ሳሙና አነሡ። እጅጌያቸውን እስከ ብብታቸው ሰበሰቡት። የክንዳቸው ውስጠኛ ክፍል እንደ ልጅ ገላ ለስላሳና የገረጣ ነበር፤ ፀሐይም ኮስቲክም ያላየው። ሳሙናውን ውሃ አስነክተው እዚያ ላይ አሹት፤ አረፋውም እላዩ ላይ ቀረ።

«እማማ፣ ይቅርብዎ።»

«ጠብቂ።»

ጠበቅን። መስኮቷ ላይ እንፋሎቱ ጠብታ ሆኖ ይወርዳል። በግድግዳው ያሉት ነጫጭ ሳሙናዎች ሁሉ የሚመለከቱን መሰለኝ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቆይቶ የከንፈራቸው ጠርዝ ሳብ አለ።

«ጉንዳን» አሉ በሹክሹክታ።

«አሁን እንለቅልቀው።»

«እስክነግርሽ እንዳትነኪኝ።»

ቆዳው ከአረፋው ሥር ሲቀላ አየሁት። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ክንዳቸውን ግን አላሸሹም፤ የሚያዳምጡ ይመስሉ ነበር። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ጣሳውን ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ነክሬ፣ ክንዳቸውን በጉልበት ይዤ፣ ውሃ አፈሰስኩበት፤ ደግሜ አፈሰስኩበት፤ ባልዲው እስኪያልቅ። ሰውን በጉልበት ስይዝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። አልተቃወሙኝም።

«በእኔ ሕግ ከሄድን» አሉ በመጨረሻ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ «ሳሙናው ይኸው ያዘኝ። በአንቺ ሕግ ከሄድን፣ ሰው ስነክስ የኖርኩት እኔ ነኝ። በሁለቱም አላመልጥም።»

«አያመልጡም» አልኩ፤ ከዚያ ቀን በፊት ለታላቅ ሰው እንዲህ ብዬ አላውቅም። «ግን በእርስዎ ሕግ የተነከሰ ሰው ተነክሶ ይቀራል። በእኔኛው ማስተካከል ይቻላል።»

እርጥብ ክንዳቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «ተቀምጠሽ ተቀምጠሽ አንድ ቀን ትናገሪያለሽ» አሉ። «ሲወጣሽ ግን ይከብዳል።»

በማግስቱ እኔና እማማ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ስንሄድ ሁለተኛ ልጃቸውም አብሮን መጣ። ልብስ ሰፊዋ እጆቿን በጨርቅ ጠቅልላ፣ በማሽኑ ፊት ሥራ ፈትታ ተቀምጣለች። እማማን ስታይ እጆቿን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀች። እማማ ይህን አዩና እግራቸው ደጃፉ ላይ ቆመ። ምን እንዳስታወሱ እኔ አውቃለሁ።

«አትደብቂያቸው የኔ ልጅ» አሉ። «የምትደብቂው ነገር የለሽም። እኔ ነኝ ያቃጠልኩሽ።» እጅጌያቸውን ሰብስበው የቀላውን ክንዳቸውን አሳዩአት። «ጥሬ ሳሙና ነው። ምላሴ ደንቁሮ አልነገረኝም። ይቅር በይኝ።»

ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ክንዱን አየች፣ ቀጥሎ እኔን። «እንግዲያው የእናቴ ሽቶ አይደለም?»

«የምን ሽቶ?»

«ተዉት እማማ፤ ረጅም ታሪክ ነው፤ ድመትም አለበት።» ከዚያ እንባዋ መጣ፤ ሳቋም አብሮ መጣ። ጥቂት ቆይታ እንባዋን በክርኗ ጠረገች። «አንድ ነገር ግን ልንገርዎት፤ አይቀየሙኝ። ስለ እኔ ማወቅ የሚፈልጉት ነገር ካለ ለምን አይጠይቁኝም? ሳሙናው አፍ የለው። እኔ አለኝ፤ እንዲያውም ይበዛል ይባላል።»

እማማ በዚህ ነገር ክፉኛ ተገረሙ። እስከዚያ ቀን መጠየቅ የሚባል ነገር እንዳለ ያላሰቡ ይመስሉ ነበር። ሱቁ ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄን ትወጂዋለሽ?»

«ነገር ሲከብደው ጫማውን ያያል። እሱን አልወድም። ሌላውን እወዳለሁ።»

ልጃቸው ቀና ብሎ «ዛሬ አላየሁም እኮ» አለ። እሷ ግን አልሳቀችለትም። «ዛሬ ብቻ አይበቃም» አለችው። እሱም ይህን አምኖ ራሱን ነቀነቀ። እሑድ ቤተሰቦቿ መጡ፤ ማንም እጅ አልታጠበም፤ ማለቴ፣ ከምግብ በፊትና በኋላ ካልሆነ።

ከዚያ ወዲህ በቆርቆሮው አጥር ውስጥ ነገሩ ሌላ ሆኗል። ሳሙና ሲበስል በምላስ አይታይም። ቀይ ጥቅል ጎመን ቀቅለን ውሃውን እንይዛለን፤ ሐምራዊ ነው። ሳሙናው ተፍቆ ሲጨመርበት ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቢሆን ደህና ነው፤ ወደ ቢጫ ከሄደ ግን ኮስቲኩ ገና አልሞተም፤ መደርደሪያው ላይ ይቆያል። የተቆረጠው ሁሉ ከአንድ ወር በላይ ነፋስ ሳያገኘው አይሸጥም። እማማ ሲያፈሉ የጎማ ጓንት ያደርጋሉ፤ በመጀመሪያ «ሙሽራ አስመሰላችሁኝ» ብለው ተሳድበው ነበር። አሁን የጣታቸው ቆዳ መለስለስ ጀምሯል፤ አንድ ቀን ብርድ ተሰማኝ ብለው ጮኸው ግቢውን አስደነገጡት። የሰፈሩ ልጆች ክንድ ላይ የነበረው መቅላት ጠፋ፤ ልብስ አጣቢዎች ጣታቸው አይሰነጠቅም። ዕቃ ጠፍቶበት ሰው ጎትቶ የሚመጣ ካለ እማማ በሩ ላይ ይቆሙና «ጠይቀኸዋል?» ይሉታል። ሌላ አይሉም። የስሜት ሕዋሶቻችን ታማኝ አገልጋዮች ናቸው፤ ግን ይደክማሉ፣ ይለምዳሉ፣ ያረጃሉ። አገልጋይን እያመሰገኑ ሥራውን መቆጣጠር ደግሞ የጌታ ወግ ነው። በእነሱ ብቻ ፈርዶ ሰውን የሚያባርር፣ በተኛ ዘበኛ ምስክርነት እንደፈረደ ዳኛ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ሠርጉ ሲቃረብ እማማ ወደ ቤታችን መጥተው፣ ወለሉን እያዩ፣ «ያንን የበኩሬን ቁጥር ከወንድሙ ተቀበልኩ» አሉኝ። «አንቺ ደውይልኝ።»

ደወልኩና ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዝኩላቸው። ብዙ ጠራ። ሲነሣ ድምፁ የሴት ነው፤ ከኋላዋ ዕቃ ይንኳኳል፣ ከቧንቧ ውሃ ይፈሳል።

«ማን ልበል?»

እማማ አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ አልወጣም። እኔ ያን ዓይነት ዝምታ በደንብ አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ አልጎተጎትኳቸውም። ከወዲያ በኩል የምትጠብቀው ሴት ስልኩን አልዘጋችም።

«እጅሽ» አሉ እማማ በመጨረሻ። «እጅሽ ዳነ ወይ?»

ውሃው ይፈሳል። ረጅም ጊዜ ፈሰሰ።

ከዚያ ቧንቧው ሲዘጋ ተሰማ።